ኮልበ የሚባለው ጀርመናዊ ቀዛፊ ማን ነው? የምን መርፌ ነው የሚያወሩት?

የጣና ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ?

የምኖረው ሀምቡርግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት የምሄድላቸው አንድ አባት አሉ፤ 84 ዓመታቸው ነው። «ኦፓ» ነው የምላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው፣ ደስ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ቀዛፊ ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ አንድ ረጅም የእንጨት መቅዘፊያ ተሰቅሏል። አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። ሰፊው ጫፍ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበረ፤ አሁን ለቅቋል፣ ላነበው አልቻልኩም።

ኦፓ መርሳት ጀምረዋል። ከየት እንደመጣሁ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። ኢትዮጵያ ስላቸው ሁልጊዜ «አበበ ቢቂላ!» ነበር የሚሉት። ባለፈው ዓርብ ግን ካልሲ እያጠለቅኩላቸው ስነግራቸው «ይፍተር!» አሉኝ። ምሩጽ ይፍጠርን ማለታቸው ነው። ቀጥለው ጣታቸውን ወደ መቅዘፊያው ቀስረው፣ «እሱ ሲሄድ እናንተ ቀራችሁ፤ እናንተ ስትሄዱ እሱ ቀረ» አሉ። ማን ነው እሱ ስላቸው፣ «ኮልበ። ፔተር-ሚሻኤል ኮልበ። የሀምቡርግ ልጅ።» ከዚያ «መርፌዋ... ያቺ መርፌ...» እያሉ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደነገጥኩ። ለአንድ ሰው የተመደበልን ጊዜ ስላለቀ (ሥራው እንዲህ ነው፣ በደቂቃ ነው የምንቆጠረው) ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ በጀርመንኛ ነው። የቀዘፋ ጀርመንኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ቋንቋ ነው። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ሰውየው ማን ነው? የምን መርፌ ነው? እኛና እሱን ምን አገናኘን? ማክሰኞ ስሄድ ከኦፓ ጋር የማወራው እንዲኖረኝ ነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ አትሳቁብኝ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱ ወደሚሄድበት ነው። እዚህ ሀምቡርግ መሀል ባለው አልስተር ሐይቅ ላይ የማያቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚበሩት። ለምንድን ነው?

ቦሌ ሚካኤል፦

አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ ግን የለውም፣ ብር ብቻ። ሞስኮ 1980 ላይም ብር ያገኘ ይመስለኛል። ሌላውን የሚያውቅ ይጨምርበት። ኦፓን ሰላም በይልን።

ዘግይቶ ቀዛፊ፦

የጣና ልጅ፣ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳይ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ። እዚህ ቤት ስለ ቀዘፋ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ዱይስቡርግ ነኝ። 38 ዓመቴ ላይ ነው የቀዘፋ ክለብ የገባሁት፤ ሐኪሜ ስለ ወገቤ ተቆጥቶኝ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ ቦሌ ሚካኤልን ላርም። ኮልበ ሞስኮ አልሄደም። የነገሩ ቋጠሮ እዚያ ነው ያለው፤ እመለስበታለሁ።

ኮልበ በ1953 ሀምቡርግ ተወለደ። የሚቀዝፈው የአንድ ሰው ጀልባ ነው፤ ጀርመኖቹ «አይነር» ይሉታል። አንድ ሰው፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ 2000 ሜትር። ጀልባዋን ባየሻት! ስምንት ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወገቧ ግን ከቢሮ ወንበር ይጠባል። የዛሬዎቹ 14 ኪሎ ናቸው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሰባት እጥፍ ይከብዳቸዋል። መጀመሪያ ቀን ስገባባት ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም፣ ገለበጠችኝ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ዳር የቆመ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጨዋ ደንብ «መቅዘፊያዎቹን አትልቀቃቸው» አለኝ። ጀልባዋን ቀጥ አድርገው የሚይዟት እነሱ ናቸው ለካ። እስከ ዛሬ ከአሠልጣኞቼ ሁሉ የሚበልጥብኝ ምክር የዚያ ልጅ ነው።

ጀርባ ስለ መስጠቱ፣ አልስቅብሽም፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጉልበቱ ከክንዱና ከትከሻው ነው። እዚህ ግን ዋናው ጉልበት ከእግር ነው የሚመጣው። ወንበሩ ተሽከርካሪ አለው፤ በሁለት ሐዲድ ላይ ይመላለሳል። እግርሽ ጫማ ውስጥ ታስሯል። ጉልበትሽን አጥፈሽ ትጠጊያለሽ፣ መቅዘፊያዎቹን ውኃ ውስጥ ትከቻለሽ፣ ከዚያ በእግርሽ ገፍተሽ ትዘረጊያለሽ። ስኳት እንደመሥራት ነው፤ ተቀምጦ። ለዚህ የሚመቸው ጀርባ መስጠት ነው። ታዲያ ከዚህ አንድ ነገር ይመጣል። የሚመራው ሰው ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ፊት ለፊት ያያቸዋል። መሪውን ማየት የማይችለው ኋላ የቀረው ነው፤ አንገቱን ካላዞረ በቀር። የሩጫ ተገላቢጦሽ በይው። ይህችን ያዢልኝ፣ ትፈለጋለች።

ኮልበ በ1975 ኖቲንግሃም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። 22 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት የምዕራብ ጀርመን የዓመቱ ምርጥ ስፖርተኛ ተባለ። የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ በበሉ በዓመቱ ቀዛፊ መመረጡን አስቢው።

በ1976 ሞንትሪያል ሲሄድ ወርቁ የእሱ ነው ተብሎ ነበር። ፍጻሜው ላይም መራ። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ከኋላ አንድ ፊንላንዳዊ ተነሣ። ፐርቲ ካርፒነን ይባላል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ሥራው የእሳት አደጋ ሠራተኛ። አሁን ያቺን ያስያዝኩሽን አስታውሺ። ኮልበ ሰውየው ሲመጣበት ያየዋል። እያንዳንዱን ምት ያየዋል። ግን ጉልበቱ ከዳው። ካርፒነን አልፎት በ7:29.03 ገባ። ኮልበ 7:31.67። ሦስተኛ የወጣው የምሥራቅ ጀርመኑ ዮአሂም ድራይፍከ ከኮልበ ስድስት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሁለቱ ከሌላው ምን ያህል እንደተለዩ ከዚህ ይታይሻል።

መርፌዋ ይህን ውድድር የተመለከተች ናት። ኮልበ ከፍጻሜው በፊት ተወግቶ ነበር፤ የቤሮላዘና የቲዮክታሲድ ድብልቅ። ያን ጊዜ የተከለከለ ነገር አልነበረም። ታበረታዋለች ተብላ የተሰጠች መርፌ ናት። እሱ መጨረሻ ላይ ሲዝል ግን ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ጀርመን ውስጥ «የኮልበ መርፌ» የሚል ስም ወጣላት፤ ሐኪም በስፖርተኛ ላይ እስከ የት ድረስ ነው እጁን የሚያስገባው የሚለው ክርክርም ተቀጣጠለ። የኦፓሽ እንባ የዚህ ይመስለኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጀልባውን ሸጦ ይገባ ነበር። ኮልበ በ1978 ኒውዚላንድ፣ ካራፒሮ ሐይቅ ላይ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1979 ካርፒነን ወሰደ። እንግዲህ ሞስኮ ላይ ይለይላቸዋል ተባለ።

አልተለየላቸውም። ሶቪየቶች በ1979 መጨረሻ አፍጋኒስታን ገቡ፣ አሜሪካ ሞስኮ አንሄድም አለች። የምዕራብ ጀርመን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ግንቦት 15 ቀን 1980 ድምፅ ሰጠ፤ 59 ለ40፣ እንቅር የሚለው አሸነፈ። ካርፒነን ሞስኮ ሄዶ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ኮልበ እቤቱ ነው።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ፤ ትንሽ ታገሱኝ። ወንበሩ ይመላለሳል ብዬሻለሁ። ችግሩ ምንድን ነው፣ የሚመላለሰው ወንበሩ ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ራሱ ነው። ዘጠና ኪሎ ሥጋ በአሥራ ምናምን ኪሎ ጀልባ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ጀልባዋ ትንገጫገጫለች። አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች። እንደ ጀማሪ ሾፌር ሚኒባስ፤ ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ፍሬን። እንዲህ የሚሄድ ነገር ብዙ ጉልበት በከንቱ ያባክናል። ታዲያ በ1981 ሙኒክ ላይ ኮልበ የተገለበጠ ጀልባ ይዞ መጣ። ወንበሩ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሱት እግር መርገጫውና መቅዘፊያዎቹን የሚሸከሙት ብረቶች ናቸው። ሰውየው ቁጭ ብሏል፤ ቀላሉ ዕቃ ነው የሚመላለሰው። ጀልባዋ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላ ሄደች፣ ኮልበም ሻምፒዮን ሆነ። ሌሎቹ ምን አደረጉ? እነሱም ተሯሩጠው ያንኑ አሠሩ። የዓለም ቀዘፋ ፌዴሬሽን ግን ብዙም ሳይቆይ ከለከለው፤ ምክንያቱ ውድነቱ ነው፣ ድኻ አገር ሊገዛው አይችልም ተባለ። እኔ በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ፤ የክለባችንን ካዝና ስለማውቅ። ግን አንድ ቀን ብሞክራት ደስ ይለኛል።

በ1983 እዚሁ እኔ ከተማ፣ ዱይስቡርግ ላይ አራተኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። አሁን የምንለማመድበት ያው ውኃ ላይ ነው። እኔ እዚያ ላይ የማሸንፈው ዳክዬዎቹን ነው፤ እነሱንም ሁልጊዜ አይደለም።

በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ ካሲታስ ሐይቅ። ኮልበና ካርፒነን። ካርፒነን 7:00.24፣ ኮልበ 7:02.19። አሁንም ብር። ያለ መርፌ ወሬ፣ ያለ ምክንያት፣ ብር። ካርፒነን በዚህ ሦስት ወርቅ ሞላለት።

በ1986 ኖቲንግሃም፣ አምስተኛ የዓለም ሻምፒዮና። በ1988 ሴኡል ደግሞ 35 ዓመቱ ላይ ተመልሶ መጣ። ካርፒነን በዚህ ጊዜ ፍጻሜም አልገባም። መንገዱ ተጠረገ ማለት ነው፤ አይደል? አልተጠረገም። 24 ዓመቱ የሆነ ቶማስ ላንገ የሚባል ምሥራቅ ጀርመናዊ ተነሣ። 6:49.86 ገባ፤ ኮልበ 6:54.77። ሦስተኛ ብር። ከዚያ በቃኝ አለ። ለጥቂት ጊዜ የጀርመን ቀዘፋ ፌዴሬሽን የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። ታኅሣሥ 2023 ላይ በ70 ዓመቱ ዐረፈ።

ሒሳቡን እንየው ካላችሁ፣ በዓለም ሻምፒዮና ኮልበ 5፣ ካርፒነን 2። በኦሎምፒክ ካርፒነን 3፣ ኮልበ 0። በእኔ ዓይን የሚበልጠው ኮልበ ነው። ክለባችን ውስጥ ይህን ስል የሚቆጣኝ አንድ ፊንላንዳዊ አለ፤ በአራት ዓመት አንዴ መንቃት ከበቃ ለምን ይለፋል ይለኛል።

አሮጌ ራዲዮ፦

ልጄ ዘግይቶ ቀዛፊ፣ ጥሩ አድርገህ ጻፍከው። እኔ ስለ ቀዘፋ የማውቀው ነገር የለም። ግን ጀርመናዊው ሽማግሌ «እሱ ሲሄድ እናንተ ቀራችሁ» ያሉት ገብቶኛል። ልጅቷ ይህን ጥያቄ ደግማ እንዳትጠይቅ እኔ ልመልስላት።

ዓመቶቹን አስቀምጬ ልቁጠርልሽ ልጄ። ኮልበ ሞንትሪያል 1976 ነበረ። እኛ አልነበርንም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ፣ ኒውዚላንድ ትታገድ ተባለ፣ አልታገደችም። ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ቀሩ፣ እኛም ቀረን። ሞስኮ 1980 እኛ ሄድን፣ ኮልበ ቀረ። ሎስ አንጀለስ 1984 ኮልበ ሄደ፤ እኛ ከሶቪየቶች ጋር ቀረን። ሴኡል 1988 ኮልበ ሄደ፤ እኛ ለሰሜን ኮሪያ ብለን ቀረን። በአራት ኦሎምፒክ አንድ ጊዜም አልተገናኘንም። ሽማግሌው የሚረሱ ሰው ናቸው አልሽ፤ ይህን ግን አልረሱትም።

ምሩጽን እኔ በራዲዮ ነው የማውቀው። ሙኒክ 1972 በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው ወድቆ የተነሣው ፊንላንዳዊ ላሲ ቪረን ነው። 5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል፣ እኔ አልጨምርም። ሞንትሪያል ላይ ቂሙን ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ቀረን ተባለ። ሰፈራችን ውስጥ ራዲዮ የነበረው አንድ ጎረቤታችን ቤት ነበር፤ ዜናውን ስንሰማ ሰውየው ራዲዮውን በጨርቅ ሸፈነው። ሰው እንደሞተበት። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ሳቄ መጥቶ በእናቴ ቁንጥጫ ነው የዋጥኩት። ቪረንም ሞንትሪያል ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቅልሎ ወሰደ። በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ሌላው ፊንላንዳዊ የእናንተን ኮልበን በውኃ ላይ የቀደመው። የዚያ ዓመት ፊንላንዶች ምን በልተው ነው?

አራት ዓመት ጠብቀን ሞስኮ ላይ ማርሽ ቀያሪው 5ንም 10ንም አሸነፈ። ጎረቤታችን ጨርቁን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር።

ሴኡልን ግን ለመርሳት ይከብደኛል። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ 2:06:50 ሮጦ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መስከረም ላይ ኦሎምፒኩ ሲከፈት አገሩ አልገባችም። ኮልበ ሦስት ብር አለው። በላይነህ ከዚያ ኦሎምፒክ ምን አለው?

ቦሌ ሚካኤል፦

ጋሼ አሮጌ ራዲዮ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ስለ ሞስኮው ስሕተቴም ይቅርታ። ምዕራብ ጀርመን መቅረቷን እኮ አውቃለሁ፤ አፌ ቀደመኝ።

መድኃኒት ቤት፦

ስለ መርፌዋ አንድ ነገር ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ። ፍራንክፈርት አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቲዮክታሲድ ዛሬም አለ፤ ስኳር ሕመም ነርቫቸውን ለጎዳባቸው፣ እግራቸውን ለሚያቃጥላቸው ሰዎች ይሰጣል። ቤሮላዘ ደግሞ ከቫይታሚን ቢ 1 ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው። ሁለቱም «ዶፒንግ» ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዓይነት አይደሉም። ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ የሚጠቀምባቸው ዓይነት ነገሮች ናቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እነሱ ከበዙ ጉልበቱም ይበዛል ብለው ነው።

እኔ ግን መርፌዋ ላይ ያን ያህል ባልፈርድ እመርጣለሁ። በየቀኑ ደንበኛ ይመጣል፤ «ይህን ክኒን ከወሰድኩ ወዲህ ነው ያመመኝ» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አንዳንዴ ክኒኑን ባይወስድም ሊያመው ነበር። ዘግይቶ ቀዛፊ ራሱ ጽፎታል፤ በ1984 መርፌ የለም፣ ካርፒነን ግን ያው አሸነፈ። ሁለት ሰከንድ ሞንትሪያል ላይ፣ ሁለት ሰከንድ ካሊፎርኒያ ላይ። ምናልባት ሰውየው ፈጣን ነበር፣ በቃ።

ዘግይቶ ቀዛፊ፦

እህቴ መድኃኒት ቤት፣ ልክ ነሽ። ሰከንዱን አስተያይቼው አላውቅም ነበር፤ 2.64 እና 1.95። አሁን ያ ፊንላንዳዊ ይህን ካነበበ አለቀልኝ።

አንድ ነገር ግን ልከራከርሽ። ውድድር ላይ ሰውነትሽ ውስጥ አዲስ ነገር ማስገባት በራሱ ስሕተት ነው። እኔ እንኳን፣ ለሰፈር ውድድር፣ የጠዋት ቁርሴን አልቀይርም። ባለፈው ዓመት አንዱ ጓደኛዬ የሰጠኝን የኃይል መጠጥ ጠጥቼ ገባሁ። 600 ሜትር ላይ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ሐሳቤ ተበተነ፣ ቀኝ መቅዘፊያዬ ውኃ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ጀርመኖቹ «ክሬብስ ያዘ» ይሉታል፤ ሸርጣን ያዘ እንደማለት ነው። እጀታው ሆዴን መታኝና ውኃ ውስጥ ገባሁ። ኮልበ ቢያንስ ደርቆ ነው የገባው።

የጣና ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ አሮጌ ራዲዮ፣ ያቺን የራዲዮ ነገር ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፤ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ከኦፓ ቤት መምጣቴ ነው። ልንገራችሁ።

ገና ስገባ «ኮልበ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። 1975፣ 78፣ 81፣ 83፣ 86 ብዬ በጣቴ ቆጠርኩላቸው፤ ማታ እንደ ፈተና ነው ያጠናሁት። 83 ላይ «ዱይስቡርግ» ብለው ቀደሙኝ። መድኃኒታቸውን የዋጡት መቼ እንደሆነ የማያስታውሱ ሰው ናቸው! ስለ ተገለበጠው ጀልባ ስጠይቃቸው ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ምንጣፉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ አሳዩኝ። ወገባቸው ንቅንቅ አላለም። ቀስ ይበሉ እያልኩ ትከሻቸውን ይዣለሁ።

ስለ መርፌዋ ደግሞ ተሳስተን ነበር፤ እኔም እናንተም። ያለቀሱት በመርፌዋ ተናደው አልነበረም። ቃል በቃል የነገሩኝ እንዲህ ነው፤ ያን ቀን በቴሌቪዥን እያዩ ካርፒነን ሲያልፈው ከባለቤታቸው ጋር ተጣሉ። ባለቤታቸው «ደክሞት ነው» አሉ፣ እሳቸው «መርፌዋ ናት» አሉ። ለሳምንት ተኮራረፉ። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። «ደክሞት ነበር፤ እሷ ትክክል ነበረች» አሉኝ። መድኃኒት ቤት፣ አንቺ ከኦማ (ከባለቤታቸው) ጋር ነሽ ማለት ነው።

መቅዘፊያውን አውርጂልኝ አሉ። ሶፋው ላይ ወጥቼ አወረድኩት፤ መርዘሙ፣ በሩን ልመታው ነበር። የስልኬን መብራት በጎን በኩል ሳበራበት የለቀቀው ጽሑፍ ታየ። ቀለሙ ቢሄድም እንጨቱ ላይ ምልክቱ ቀርቷል። 1961፣ ከሥሩ አራት ስም። አራተኛው የእሳቸው ነው። ሦስቱን በጣታቸው እየነኩ «ሞቷል፣ ሞቷል፣ ስፔን» አሉ። ስፔን ያሉት ሰው ጡረታውን እዚያ የሚያሳልፍ ጓደኛቸው ነው፤ በሳቅ ነው ያሉት።

ሰባት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። የምሩጽን የሞስኮውን 10 ሺህ ሜትር በስልኬ ከፈትኩላቸው፤ መጨረሻውን ብቻ። መነጽራቸውን አደረግኩላቸው። አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ ምንም አይሉም። ሯጮቹ ተጠጋግተው ይዞራሉ። ደወሉ ተደወለ። አሁንም ዝም። ከዚያ ምሩጽ፣ ያቺ አጭር ሰውነት፣ ከመሀል ተስፈንጥራ ወጣች።

ኦፓ ጉልበቴን በጥፊ መቱኝና «ካርፒነን!» ብለው ጮሁ።